ለአክስቴ አእምሮ የተጨነቀው ኮሚቴ

ለተከበሩ ፕሮፌሰር ላክላን ደኔት፣
የስኮትላንድ ሥነ ጽሑፍ የድኅረ ምረቃ ምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰብሳቢ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤናን፣ ለስብሰባ ወንበርዎም ረጅም ዕድሜን እመኛለሁ። እኔ የዶክትሬት ተማሪዎ ኤልስፔት ካዊ ነኝ። የማጠናው የሰሜን ምሥራቅ ጠረፋችን ሴቶች ሄሪንግ ዓሣ እያጸዱ ይገጥሟቸው የነበሩትን ግጥሞች እንደሆነ ያስታውሳሉ። ግጥሞቹ የትም አልተጻፉም። ከነሙሉነታቸው የሚያውቋቸው ዘጠና ዓመት ያለፋቸው የአያቴ እህት፣ የፖርትሊኒ መንደሯ አክስቴ ቲኒ ብቻ እንደሆኑ በማመልከቻዬ ገልጬ ነበር።

አንደኛ፣ ከገዛ አክስቴ ጋር በወጥ ቤታቸው ቁጭ ብዬ ለመነጋገር ፈቃድ እንደሚያስፈልገኝ፣ ያለ ፈቃድ ድምፃቸውን ከቀረጽኩም ከትምህርቴ እንደምሰናበት ስላስታወሳችሁኝ አመሰግናለሁ። የፈላ ሻይ ስለሚያደርሰው አደጋ ማብራሪያ እንድጽፍና «አክስቴ» ማለቴን ትቼ «ተሳታፊ» እንድላቸው ማዘዛችሁ ለቤተሰባችን ትልቅ ትምህርት ሆኗል። ይህንን ስነግራቸው አክስቴ፣ «ቶሎ በሉ በያቸው እንጂ ልጄ። እኔ እንደነሱ ዕረፍት ወጥቼ የምመለስ መሰላቸው እንዴ?» አሉኝ።

ሁለተኛ፣ ነገሩን በአካል እንዲያጣሩ የኮሚቴውን አባል ቄስ ዶክተር ጊልክሪስትን ስለላካችሁልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቸር ሰው ናቸው። የመጡት የአክስቴ የልጅ ልጅ ጀልባውን ይዞ ወደ ባሕር በወጣበት ጠዋት ሲሆን፣ የቄስ አንገትጌያቸውን አድርገው፣ ለስጦታ ደግሞ የሳልሞን ዓሣ ሳንዱች ይዘው ነበር። በእኛ ጠረፍ ጀልባውን ለአደጋ ይዳርጋል ተብሎ ስለሚፈራ ጀልባ በሚወጣበት ቀን የቄስም የሳልሞንም ስም እንደማይነሳ፣ አንዱ ያጋጠመውም ሰው ቀዝቃዛ ብረት ጨብጦ ዝም እንደሚል እርስዎ በሚገባ ያውቃሉ። በሁለተኛ ዓመት ኮርስዎ ከነፎቶግራፉ ያስተምሩታል፤ እኔንም ፈትነውኛል። አክስቴ አንዱ ሳይሆን ሁለቱም አንድ ላይ ስለመጡባቸው የምድጃውን መቆስቆሻ ብረት ጨብጠው፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ፣ ለተጠየቁት ሁሉ አንዲት ቃል ሳይመልሱ ቀሩ። የልጅ ልጃቸው ባሕር ላይ ነበር።

የቄሱ ሪፖርት «ተሳታፊዋ ፈቃድ ለመስጠት የሚያበቃ የአእምሮ ብቃት የላቸውም» የሚል ሆነ። ጀልባው በሰላም ከተመለሰ በኋላ አክስቴ ይህን ሲሰሙ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ኮሚቴው የሐኪም ማስረጃ ካልቀረበ ቀረጻ የለም አለ። የሐኪሙ ቀጠሮ የብርዱን ወራት ሙሉ ፈጀ። ማስረጃው ሲገኝ ደግሞ ኮሚቴው ለፋሲካ ተበትኖ ነበር።

ሦስተኛም ነበረኝ፤ ነገር ግን ቁጥር ልሰጠው አልሆነልኝም። አክስቴ ቲኒ በዚያው በፋሲካ ሳምንት አረፉ። በጣም እወዳቸው ነበር። እኔ በቃሌ የያዝኩት በልጅነቴ ሲያስተኙኝ የሚሉትን ሁለት ስንኝ ነው። የቀረው ሁሉ አብሯቸው ተቀበረ።

ሥነ ጽሑፋችን አንዳች ጉዳት እንዳይደርስበት ማንም እንዳይሰማው በማድረግ ባሳያችሁት ትጋት እየተደነቅሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ታዛዥ ተማሪዎ
ኤልስፔት ካዊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የፈቃድ ደብዳቤያችሁ በቀብሩ ማግስት ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ተሳታፊዋ ምክንያት መስጠት ሳያስፈልጋቸው በፈለጉት ጊዜ ከጥናቱ መውጣት እንደሚችሉ አስቀድሞ እንዲነገራቸው ታዝዛላችሁ። ሳይነገራቸው ወጥተዋል።