ሳይረገጥ የሚሰፋ መኪና

ሰኞ

ጥፋቱ የሳሙናው አልነበረም። ስንቱን ቀያየርን! አባባ ለጁምአ ገላቸውን በታጠቡ ቁጥር ፊታቸው ቀልቶ ሰውነታቸውን ሲያኩ፣ እማማ ባለሱቁን ስትረግም ከርማለች። ዛሬ ከአዲስ አበባ የምርመራው ውጤት መጣ። ደማቸው ከልክ በላይ በዝቷል። «ጃክ ሁለት የሚባለው ፕሮቲን ተበላሽቷል» አለችኝ ሐኪሟ። ደማቸው ካልተቀነሰ ረግቶ የአንጎል ደም ሥር ሊዘጋ ይችላል። ፈራሁ። ለምርመራው ደም ሲቀዱ እንኳ ወደ ግድግዳው ዞሬ ነበር። የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ መርፌና ደም ማየት ግን አልችልም።

ማክሰኞ

መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ ሱቃቸው ሄጄ አስረዳኋቸው። ደም ሲያንስ ከኩላሊት ትእዛዝ ይወጣል። ትእዛዙ የአጥንት መቅኔ ሲደርስ ይሄ ፕሮቲን ተቀብሎ ወደ ሴሉ ውስጥ ያስተላልፋል፤ ሴሉም ይባዛል። ትእዛዙ ሲቆም ፕሮቲኑም ዝም ይላል። የርስዎ ግን ማንም ሳያዘው «ተባዙ፣ ተባዙ» ይላል አልኳቸው።

እግራቸውን ከፔዳሉ አነሱ። «ሳልረግጠው የሚሰፋ መኪና በይኛ!»

በቃ፣ እሱ ነው። ምሳሌውን ለአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ ልሰርቅባቸው ነው። ነገ ደማቸው ተቀድቶ እንዲቀነስም እሺ አሉ። እንዲህ ይቀላል ብዬ አላሰብኩም።

ረቡዕ

አልቀለለም። ክንዳቸው ታስሮ፣ ነርሷ መርፌውን ይዛ ሳለ «ይሄ ለማን ይሰጣል?» አሏት።

«ይደፋል አባባ። የታመመ ሰው ደም ለሌላ አይሰጥም።»

እጅጌያቸውን አውርደው ተነሱ። «ደም ያጣች ወላድ እያለች የኔ ሊደፋ? ወላሂ አይሆንም!»

ባጃጅ ውስጥ ተቆጣኋቸው። ነገሩ ከየት እንደመጣ ግን አውቃለሁ። እማማን እኔን ስትወልድ ያተረፋት የማናውቀው ሰው ደም ነው። አባባ ያንን ሰው ዛሬም በዱዓቸው ያነሱታል።

ሐሙስ

ራስ ምታቱ ጠናባቸው። ሱቁን በጊዜ ዘጉ። እማማ «ለምኛቸው እንጂ» ትለኛለች። ደም ሥሩ ተዘግቶ አፋቸው ቢያዝስ? እጃቸው አልታዘዝ ብሎ ክር ማስገባት ቢያቅታቸውስ?

እራት ላይ ሳላስበው ከአፌ ወጣ፤ «የርስዎ ይደፋ፣ በሱ ፈንታ የኔ ይሰጥ።»

«አንቺ? ዶሮ ሲታረድ ጎረቤት የምትደበቂው?» ብለው ሳቁ።

«እኔ።»

ሳቃቸውን አቆሙ። «ኢንሻአላህ፣ ነገ» አሉ። ምን ነካኝ?

ዓርብ

ከሶላት በኋላ ሄድን። ዛሬም ታጥበው ሲያኩ ነበር፤ እሱ ቶሎ አይለቅም ብላለች ሐኪሟ። የሳቸው በሰላም ተቀዳ። ከዚያ ወደ ደም ለጋሾች ክፍል። ጣቴን ወግተው አዩና «ደምሽ በቂ ነው» አሉኝ። አይበቃም እንዲሉኝ ተመኝቼ ነበር፣ እውነቱን ልጻፍ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አባባ ክንዳቸው ላይ ጥጥ እንደተለጠፈ እጄን ያዙ። «አይዞሽ፣ አለቀ» ይላሉ፣ ገና ሳይጀመር።

ከረጢቱ ሞልቶ ሲነሳ ነርሷን ጠየቋት። «ይሄኛውስ አይደፋም?»

«አይደፋም፣ አባባ።»

እጄን የለቀቁት ያኔ ነው።

በቅርቡ እንደገና ይቀነስላቸዋል። እኔ ቶሎ ደግሜ መስጠት ስለማይፈቀድልኝ ቀጣዩ ተራ የወንድሜ ነው፤ ገና አልነገርነውም።