የእህቴን ድምፅ ከመኪናዬ ስላስወጡልኝ

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1986፤ ኮልተን ሚልስ፣ ሚሺጋን። በረዶው ሌሊቱን ሲጥል አድሮ ረፋዱ ላይ አባራ፤ ብርዱ ግን እንዳለ ነው። ይህን ስጽፍ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ያለነው እኔና እናቴ ብቻ ነን። የጻፍኩትን ጮክ ብዬ ሳነብላት እናቴ በየመሀሉ "ጨዋ ሁኚ፣ ትልቅ ሰው ነው" ትለኛለች። ስለዚህ ጨዋ ለመሆን እሞክራለሁ።

ለክቡር ሚስተር ሃዋርድ ቴልፎርድ
የሃርግሬቭ ሞተርስ ፕሬዚዳንት

ክቡር ሆይ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎና ልጆችዎስ ደህና ናቸው? በዚህ ክፉ ብርድ ጉንፋን እንዳይደፍርዎ፣ ቢሮዎም እንደ ወትሮው ሞቃት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። በከተማችን ጋዜጣ በኩል በአደባባይ መጻፌን በድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። ባለፈው ጊዜ በቀጥታ የላክሁልዎትን ደብዳቤ የደንበኞች አገልግሎት ክፍልዎ እርስዎን እንዳያስቸግር ሲል በትጋት መንገድ ላይ ስለያዘው ነው።

ቨርና ሆቫነክ እባላለሁ። የጥርስ ሐኪም ክሊኒክ አጸዳለሁ፤ ስለ መኪና የማውቀውም ታካሚዎች ትተዋቸው በሚሄዱ መጽሔቶች ላይ ያነበብኩትን ብቻ ነው። እህቴን ሎይስን ግን ሳያውቋት አይቀሩም። ወደ ፋብሪካዎ በደወሉ ቁጥር "ሃርግሬቭ ሞተርስ፣ ከማን ጋር ላገናኝዎ?" እያለች የምትቀበልዎት እሷ ነበረች። ስለ እሷ የማቀርበው ምስጋና ብዙ ስለሆነ እንዳይደባለቅብዎት በቁጥር ለይቼዋለሁ።

1. በመጀመሪያ እህቴን ስለመረጧት አመሰግናለሁ። የጃፓን መኪኖች በከተማችን መታየት በጀመሩበት ሰሞን ጎረቤቶቻችን እየገዙ፣ ሰው እንዳያይባቸው ጋራዥ ውስጥ ይደብቋቸው ነበር። መኪኖቹ ትናንሽ ናቸው፤ ቤንዚን አይበሉም፤ በጥር ብርድም በመጀመሪያው ቁልፍ ይነሳሉ። ኩባንያዎ ለዚህ የሰጠው መልስ በሩ ሲከፈት፣ ነዳጅ ሲያልቅ፣ ዘይት ሲጎድል በሴት ድምፅ የምትናገረው ማርኔት የተባለች መኪና ነበረች። እዚህ የማርኔት ሻጭና ጠጋኝ የሆነው ክላይድ ባርጌ ለገዢ ሁሉ "የጃፓኖቹ አይበላሽም፤ የኛ ግን ሲበላሽ በትሕትና ይነግርሃል" እያለ ይቀልድ ነበር። ቀልዱን ገዢው እንዲስቅበት ነበር የሚያወራው፤ እኔ ግን እንደ ማስታወቂያ ወስጄዋለሁ፤ ከእናንተ ማስታወቂያዎች ሁሉ እውነቱን የተናገረው እሱ ብቻ ነውና።

መሐንዲሶቹ ለመኪናዋ ድምፅ ሲፈልጉ ማንም ሰው ተቆጥቶባት የማያውቅ ሴት አሉ፤ ያቺ ሴት ሎይስ ሆነች። አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብተው "በሩ ክፍት ነው፤ አመሰግናለሁ" አስባሏት፤ ደግመው ደጋግመው አስባሏት። አንደኛው ወጣት "እመቤት፣ ፈገግታሽ ድምፅሽ ውስጥ ይሰማል፤ እባክሽ አውጪው" አላት። ማታ ቤት ገብታ ጫማዋን እያወለቀች "ፈገግታን በምን ያወጡታል፣ በጉጠት?" ብላ አሳቀችን። ለድካሟ አንድ የቀዘቀዘ የተርኪ ዶሮ ሰጥተዋታል፤ ሥጋው ጥሩ ነበር።

2. ቀጥሎ ስለ ቅልጥፍናዎ አመሰግናለሁ። ከባዕዳን ጋር ለመወዳደር ፋብሪካው መዘመን አለበት ተባለና ስልኩን ያለ ሰው የሚያገናኝ መሣሪያ ተገዛ። ሎይስ ካቻምና በኖቬምበር ተቀነሰች። ጎህ ሲቀድ ተነስታ ፀጉሯን እያበጠረች እናቴ "የት ልትሄጂ ነው?" ብትላት "ልማድ ነው ማማ" አለቻት። የጤና ኢንሹራንሷ ከሥራዋ በኋላ ጥቂት ቆይቶ አበቃ። በብብቷ ሥር የሆነ ነገር እንዳበጠ የነገረችኝ ከዚያ ወዲህ ነው። "ሥራ ሳገኝ እታያለሁ፤ አሁን ብታይ ወጪው ቤታችንን ይበላዋል" አለችኝ። እኔም ቤቱን አሰብኩና ዝም አልኩ። አምና በፀደይ ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ ሐኪሙ ቀድማ ባለመምጣቷ ብቻ ተገረመ። ክቡርነትዎ እንዳይሳቀቁ አንድ ነገር ላክልልዎት፦ እህቴ አልጋ ይዛ መናገር ባቃታት ሰሞን እንኳ ለእርስዎ መሥራቷን አላቋረጠችም። በየከተማው፣ በየመንገዱ፣ ለማታውቀው ሰው ሁሉ "አመሰግናለሁ" ትል ነበር። ከሥራ ያሰናበቱትን ሰው ያለ ደሞዝ እንዲህ ማሠራት የቻለ የጃፓን ኩባንያ ስለ መኖሩ በመጽሔቶቹ አላነበብኩም። በዚህ በኩል ቀድመዋቸዋል።

3. ስለ ቀብሯም አመሰግናለሁ። እርስዎ ባይመጡም የፋብሪካው ሰው ብዙ መጥቶ ነበር፤ አብዛኛውም ማርኔት ነበረው፤ ለሠራተኛ ቅናሽ አለውና። መኪኖቹ በመቃብሩ አጥር ሥር ተደርድረው ቆሙ። ሰዎቹ በሮቻቸውን ሲከፍቱ ሎይስ ከዚህም ከዚያም መናገር ጀመረች። "በሩ ክፍት ነው፤ አመሰግናለሁ። በሩ ክፍት ነው፤ አመሰግናለሁ።" አሮጊቶችን እየደገፉ ለማውረድ በሮቹ ክፍት መቆየት ነበረባቸው፤ ስለዚህ ቶሎ አላበቃም። ቄሱ መጽሐፋቸውን አጥፈው ጠበቁ። በስልክ ክፍሉ አብራት የሠራችው ጆይስ እጇን አፏ ላይ አድርጋ "ወይ ሎይስ፣ ዛሬ እንኳ ትንሽ ዕረፊ" አለች። አንዳንዱ ሳቀ፤ የሳቀውም አለቀሰ። እናቴ ግን አላለቀሰችም። ፊቷን ከሳጥኑ አዙራ ወደ መኪኖቹ ስታዳምጥ ቆየች።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር መለየት አልቻልኩም፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

የሎይስን የራሷን ማርኔት የወረስኩት እኔ ነኝ። ማሞቂያው ስለተበላሸ ከሦስት ሳምንት በፊት ወደ ክላይድ ጋራዥ ወሰድኩት፤ መበላሸቱን መኪናው አልነገረኝም፤ ስለ ማሞቂያ እንድትናገር አላስጠኗትም ነበርና። ስመለስ ማሞቂያው ተሠርቷል። እናቴን ደግፌ ለማስገባት በሩን ብከፍት መኪናው "ቲንግ" አለ። እናቴ አንድ እግሯን አስገብታ አንዱን በረዶው ላይ እንዳደረገች ቆመች። ጠበቀች። ከዚያ ዞር ብላ "የት ሄደች?" አለችኝ።

ክላይድን ጠየቅሁት። ሾፌሮች በገዛ መኪናቸው መመከር ሰለቸን እንዳሉ፣ የጃፓኖቹ መኪና ደወል ብቻ ስላለው መጽሔቶቹ እንዳመሰገኑት፣ ኩባንያውም አዲሱን ሞዴል በደወል እንዳደረገውና አሮጌዎቹም ጋራዥ በገቡ ቁጥር የድምፅ ሳጥናቸው በነፃ እንዲወጣ እንዳዘዘ ነገረኝ።

"ሳጥኑን ስጠኝ ክላይድ" አልኩት።

"ቨርና፣ ሙች አልችልም። ቆጥረው ነው የሚቀበሉኝ። ወስደው ይጨፈልቁታል። አንዷ ብትጎድል ፈቃዴን ይነጥቁኛል።"

"የሎይስ መሆኑን እያወቅህ?"

"እያወቅሁ ነው እኮ የነቀልኩት። ሥራውን ለጋራዡ ልጆች ያልሰጠሁት ለዚያ ነው" አለና ፊቱን አዞረ። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ እሱን ሰድቤ ይወጣልኝ ነበር።

ለእርስዎ የጻፍኩት ያን ዕለት ነው። የደንበኞች ክፍልዎ መልስ አምሮ የተጻፈ ነበር። ማርኔትን ስለወደድሁ ደስታቸውን ገልጸው፣ ድምፁ የኩባንያው ንብረት መሆኑንና ቴክኖሎጂው በተወዳዳሪዎች እጅ እንዳይገባ መደምሰስ እንዳለበት አስረድተው፣ ለአዲሱ ሞዴል የሚሆን የዋጋ ቅናሽ ወረቀት አብረው ልከውልኛል። ጃፓኖቹ የእህቴን ድምፅ እንዳይሰርቁ በዚህ ያህል ስለተጨነቁ ቤተሰባችን ኮርቷል። ሆኖም እንቅልፍ እንዳያጡ እላለሁ፤ ጠዋት የሚነሳ መኪና ለሠራ ሰው ይቅርታ የምትጠይቅለት ሴት ምን ታደርግለታለች?

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከገዛ መኪናችን የወጣችውን ሳጥን ይመልሱልን። የሎይስ ድምፅ ሌላ ቦታ የለንም። ሠርግ አልነበራትም፤ ቪዲዮ የሚቀርጽ ዘመድም የለንም። ሳጥኖቹ ተጭነው የሚሄዱት ዓርብ ነው። ለክላይድ በስልክ አንድ ቃል ቢነግሩት ይበቃል። መስመሩን የሚያገናኝልዎት ሰው እንደሌለ አውቃለሁ፤ ግን መሣሪያው ጎበዝ ነው ብለውናል።

ለአሜሪካ መኪና ክብር ሌት ተቀን የሚደክሙት ክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና የማይከዳ ኢንሹራንስ እንዲያገኙ እየተመኘሁ፣ በሩ ተከፍቶብዎት ማንም ሳይነግርዎ እንዳይቀር እየጸለይኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ቨርና ሆቫነክ
የሎይስ ታናሽ እህት

በድጋሚ፦ ደብዳቤውን ወደ ጋዜጣው ከመውሰዴ በፊት ዛሬ ረቡዕ ጠዋት ያደረግሁትን ልጨምር። የክላይድ የሽያጭ አዳራሽ ሲከፈት እኔና እናቴ በር ላይ ነበርን። ከመስኮቱ አጠገብ ለእይታ የቆመች ቀይ ማርኔት አለች፤ አዲሱ ሞዴል ስላልደረሰ ሳጥኗ ገና አልወጣም። እናቴን የፊት ወንበር ላይ አስቀምጬ ኮቷን እጉልበቷ ላይ አደረግሁላት። እኔ በሹፌሩ በኩል ገብቼ ቁልፉን አዞርኩና በሩን ከፈትኩ። ሎይስ ተናገረች። ክላይድ እየሮጠ መጣ። "ቨርናዬ፣ ገዢ ይመጣል፤ እባክሽ ተነሺልኝ" አለኝ። ቅናሽ ያለን ገዢዎች መሆናችንን ነግሬ የላካችሁልኝን ወረቀት አሳየሁት። "እማማ፣ እርስዎ ይንገሯት እንጂ" አላት እናቴን። እናቴ "ዝም በል አንተ ልጅ፤ እየተናገረች ነው" አለችው።  ክላይድ በሩን ቀስ አድርጎ በእጁ ዘጋው። እኔ መልሼ ከፈትኩት።