ሚሎና የእኔ ሽሮ

ሰኞ
ሽመላ አይቶ በገመዱ ሲስበኝ ገደሉ አፋፍ ላይ ለጥቂት ልንበረከክ ነበር። የልጄ የሰብለ ውሻ ነው፤ ሚሎ። ቼዝፒክ ቤይ በሚባለው ባሕር ዳር፣ ገደሉ አጠገብ የዕረፍት ቤት የተከራየችው እሷ፤ ሥራ ጠርቷት ወደምትኖርበት አሌክሳንድሪያ ከተማ የተመለሰችው እሷ፤ እስከ ቅዳሜ ከውሻ ጋር የቀረሁት እኔ። ስልሳ ዓመት ሙሉ ውሻ ቤት ሳላስገባ ኖሬ!
ያየነው፦ አንድ ሽመላ፣ ሰባት ፔሊካን፣ አንድ ኤሊ። ፔሊካኖቹን ቀድሞ ያየው እሱ ነው። ጆሮውን ሲያቆም እኔም ወደዚያ አያለሁ።

ማክሰኞ
ዓሣ በሉ ጭልፊት ከላይ ተወርውሮ ውሃው ውስጥ ገባና ዓሣ ይዞ ወጣ። እኔም ጮህኩ፣ ሚሎም ጮኸ። ፍልሰታ መሆኑን ለወፉ ማን ይንገረው!
ስንመለስ ሽሮ ሠራሁ። የሚሎ ምግብ ደረቅ ጠጠር ነው፤ አንጀቴን በላው። ሰብለ «ከዚህ ሌላ እንዳትሰጠው» ብላ ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጥፋለች። አገር ቤት ውሻ የሚበላው ከገበታ የተረፈውን አይደል? ሁለት ጭልፋ በእንጀራ ፈትፍቼ ሰጠሁት። ሳህኑን ላሰው። ሽሮዬ መቼ ተነቅፎ ያውቃል።

ረቡዕ
ጠዋት ሦስት ጊዜ አስመለሰው። ገመዱን ባሳየውም አልተነሳም። አቅፌ መኪና ውስጥ አስገባሁትና የእንስሳት ሐኪም ዘንድ በረርኩ። ሐኪሟ ምን እንደበላ ጠየቀችኝ። የሽምብራ ዱቄት፣ ዘይት፣ በርበሬ... ሽንኩርት ስል መጻፏን አቆመች። ለውሻ መርዝ ነው፣ ደሙን ይጎዳል አለችኝ። እኔ ደግሞ በሽንኩርት የማልሰስት ሰው!
ግሉኮስ ሰጡት፣ ለምርመራ ደም ወሰዱ። ድዱ ከነጣ ቶሎ መልሰው አሉኝ።

ሐሙስ
ድዱ ጠዋት ገርጣ ብሏል፤ ግን አልነጣም። ቀትር ላይም ያው። ትንሽ ውሃ ጠጣ።
ሰብለ ደወለች። «ዳድ፣ ሚሎ ኦኬ ነው? ዎክ ወጣችሁ?» ደህና ነው አልኳት። ዋሸኋት። አትዋሺ እያልኩ ያሳደግኳትን ልጅ። ቢሞትብኝ ምን እላታለሁ?
ብቻዬን ገደሉ ጋ ደርሼ ተመለስኩ። ወፎቹ ሞልተዋል፤ ማየት አላሰኘኝም።

ዓርብ
ድዱ ቀላ! ሐኪሟ ጋ መልሼ ወሰድኩት፤ ሁለተኛው ምርመራም ጥሩ ነው። ሐኪሟ «ዕድለኛ ነህ» አለችኝ። ያንን ጠጠሩን ሲቆረጥም አጠገቡ ቆሜ አየሁት።
ከሰዓት ቀስ እያልን ወጣን። አፋፉ አጠገብ ቁጭ ብለን ሳለ ጆሮውን አቆመ። የጭልፊቱ ጫጩት ጎጆው ጠርዝ ላይ ክንፉን ሲያራግብ ቆይቶ በረረ። አለቀስኩ። ማን ያየኛል።

ቅዳሜ
ሰብለ ሻንጣዋን ሳታወርድ ሁሉንም ነገርኳት። ሽሮውን፣ ሐኪሟን፣ ውሸቱንም። ሚሎን አቅፋ ከንፈሩን ገልጣ ድዱን አየችና ዞረችብኝ።
«ዋይ ዲድንት ዩ ኮል ሚ? እኔ እኮ አምኜህ ነው፣ ዳድ!»
«ፈራሁሽ» አልኳት። እንዲህ ብያት አላውቅም። እሷም ሰምታኝ አታውቅም፤ የሚሎን ገመድ አነሳች።
ሦስታችንም ወደ ገደሉ ሄድን። ስንመለስ ገመዱን ለእኔ ሰጠችኝ።
«ሴፕቴምበር ላይ ትሬኒንግ አለኝ፣ ቱ ዊክስ። ሚሎ ሲልቨር ስፕሪንግ አንተ ቤት ይቆይ?»
ላስብበት ልል ነበር፤ አፌ ቀድሞኝ እሺ አለ።