የነጯ አንገት ደፊ ዘር

ነሐሴ 9 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ይድረስ ለቤታችን ልጅ፣

አባትሽ በሚያቆላምጡሽ ስም ልጀምር ብዬ ነበር። ግን ያ ስም የእሳቸው ነው፤ ሳይፈቀድልኝ አፌን ሞልቼ ልጠራሽ አልፈለግሁም። ስለዚህ እንዲሁ ጤና ይስጥልኝ ብዬሻለሁ። እንደምን ሰነበትሽ? አዲሱ ቤት ተመቸሽ? ያፈስ ነበር ያልሽው ጣሪያ ተጠገነ? እኛ ደህና ነን። የአባትሽ ጉልበት ደረጃ ሲወጡ ያስቸግራቸዋል፣ ሲወርዱ ግን የሚቀድማቸው የለም። እኔም መጋረጃ መስፋቴን አልተውኩም፤ የሳሎኑ ግማሽ ጨርቅ ነው፣ ግማሹ አባትሽ ናቸው።

የምጽፍልሽ እኔ መሆኔ ይገርምሽ ይሆናል። የጠየቅሽው የአበባ ጉዳይ ነው፤ አባትሽ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ከአበባ የሚያውቁት የመናፈሻውን ፌርማታ ብቻ ነው። «አንቺ ጻፊላት» አሉኝ። «የኔን ጽሑፍ ማንበብ ትፈልጋለች?» ብላቸው፣ «አበባውን ከፈለገች ታነባለች» አሉ።

አበባውን የጠየቅሽበትን ደብዳቤ ጮክ ብለው ነው ያነበቡልኝ። ታውቂያቸዋለሽ፣ መዝለል የሚባል ነገር አይችሉበትም፤ እንደ ዜና አንባቢ ከላይ እስከ ታች ይወርዱታል። «ግቢዬ ውስጥ የእማዬን ነጭ ኮሎምባይን መትከል እፈልጋለሁ፤ ያልተደባለቀውን ዘር ላክልኝ፤ ለሴትዮዋም እንዳትነካው ንገራት» የምትለዋ ላይ ሲደርሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ግን አነበቧት። ከፍቶኝ ነበር፣ አልዋሽሽም። ወደ ስፌቴ ተመልሼ ቀጥ ያለውን ጨርቅ አጣምሜ ቆረጥኩት። በኋላ ረጋ ብዬ ሳስበው ግን በግማሹ እውነትሽን ነው።

በዚህ ቤት ኮሎምባይን ብሎ የሚጠራት የለም። እናትሽ «አንገት ደፊ» ይሏት እንደነበር አባትሽ ነግረውኛል፤ አበባዋ ወደ መሬት ስለምታቀረቅር ነው። እኔም እንደዚያው እላታለሁ። አባትሽን አግብቼ ወደዚህ ቤት ስመጣ የስፌት ሱቄ መስኮት ላይ የነበረችውን ቀይ አንገት ደፊ ከነሸክላዋ ይዤ መጣሁ። የመጀመሪያው ባሌ ከሞተ በኋላ ያሳደግኋት ናት። የእናትሽን ቦታ እንዳትጋፋ ብዬ ከመተላለፊያው ማዶ ተከልኳት። ንብ ግን ማዶና ወዲህ አያውቅም። የነጮቹ ዘር መሬት ላይ ረግፎ ሲበቅል አበባው ሮዝ ሆነ። አምና መጥተሽ ያየሽው እሱን ነው። ምሳ ላይ ተነስተሽ ወጣሽና አንድ በአንድ ነቀልሻቸው፤ በማግስቱም አባትሽን ብቻ ተሰናብተሽ ሄድሽ። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ፤ በሩ ሲዘጋ ሰምቻለሁ።

እሺ፣ ወደ ሥራው ልመለስ። አንገት ደፊ ዕድሜዋ አጭር ነው፣ ጥቂት ዓመት አብባ ትሄዳለች። ከእናትሽ ተክሎች የቀረችው አንዲት አሮጊት ነበረች፣ መኝታ ቤቱ መስኮት ሥር። ዘንድሮ ዘሯን ካልያዝን አበቃ ማለት ነው። ስለዚህ አትንካ ያልሽውን ነካሁ፤ ሳትነካ ንጹሕ ዘር አትሰጥምና። ገና ሳትፈነዳ ከስስ መጋረጃ ቁራጭ ትናንሽ ከረጢት ሰፍቼ እንቡጦቹን አለበስኳቸው፣ ንብ እንዳይገባ። ሲፈነዱ ከረጢቱን ገለጥ አደርግና በቀጭን የቀለም ብሩሽ የአንዱን አበባ ብናኝ ለሌላው አድርሼ መልሼ አስራለሁ። ጎረቤታችን የጥርስ ሐኪሙ በአጥር አሻግሮ እያየ «ለአበባም የሙሽራ ልብስ ይሰፋል እንዴ?» እያለ ሲስቅብኝ ከረመ።

ታዲያ አንድ የሚያቃጥል ቀን ለደንበኛ መጋረጃ አድርሼ ስመለስ፣ አባትሽ ከረጢቶቹን በሙሉ ፈትተው፣ አጥበው፣ ገመድ ላይ አስጥተዋቸዋል።

«ምነው?» አልኳቸው።

«ታፍና ልትሞት እኮ ነው! ትንሽ ትተንፍስ ብዬ ነው። እግረ መንገዴንም አጠብኩልሽ።»

ንቡ ግልብጥ ብሎ ገብቷል። ያዙኝ ልቀቁኝ አልኩ። አባትሽ እንደ ልጅ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ፤ ያን ቀን በግቢያችን አንገት ደፊዎች ሁለት ዓይነት ሆኑ።

ንብ የገባባቸውን አበቦች ቀይ ክር አሰርኩባቸው፣ ከእንግዲህ አይታመኑም። የቀሩኝ ያልፈነዱ ጥቂት እንቡጦች ነበሩ። ከረጢት መልሼ አለበስኳቸው፤ ግን አንዴ ልቤ ፈርቷል፣ ስስ ጨርቅ ነው፣ ነፋስ ይገልጠዋል፣ ባልም ያጥበዋል። ንቡን መከልከል ካልቻልኩ የሚያመጣውን ላጥፋ ብዬ መቀሴን ይዤ ወደ ማዶ ተሻገርኩ። በሰፈራችን ከእናትሽና ከኔዋ በቀር ሌላ አንገት ደፊ የለም። ቀይዋ ሙሉ በሙሉ አብባ ነበር። አባትሽ «ተይ እንጂ፣ በኔ ጥፋት?» አሉኝ፤ አልተውኩም። አልቀለለኝም፣ ግን አንድም አበባ ሳላስቀር ቆረጥኩ። አንድ እቅፍ ቀይ አበባ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቀን ሰነበተና ረገፈ። ስለዚህ ከኔዋ ዘንድሮ ዘር የለም። እሷም አርጅታለች። ይኼን የምነግርሽ የላክሁልሽ ዘር ንጹሕ መሆኑን እንድታምኚ ነው።

ፖስታው ውስጥ ያለው ጥቁሩና የሚያብረቀርቀው ዘር ከዚያ በኋላ ከፈነዱት እንቡጦች የተገኘ ነው። አንገት ደፊ አበባዋ ሲረግፍ ፍሬዋ ቀና ይላል፣ ታውቂያለሽ? ፍሬው ደርቆ ሲነካ እስኪንኮሻኮሽ ጠብቄ ነው የለቀምኩት። ብዙ አይደለም፣ ግን ለአንድ ግቢ ይበቃል።

ስትዘሪ አፈር አታልብሺው፤ ብርሃን ይፈልጋል። ላዩ ላይ በትነሽ በመዳፍሽ ጫን ጫን አድርጊው። ብርድ ሳይቀምስም በደንብ አይነቃም፤ ቅዝቃዜው ሳይገባ ደጅ ዝሪው፣ ወይም እርጥብ አሸዋ ውስጥ አድርገሽ ጥቂት ሳምንት ፍሪጅ ውስጥ አቆዪው። ዘሩ መርዝነት ስላለው ከምግብ አርቂው። ቦታው ግማሽ ጥላ ይሁን፣ ውኃ የማይቋጥር። ሥሯ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ስለሚወርድ ካደገች በኋላ ማዛወር መግደል ነው፤ አስቀድመሽ አስቢበት። በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል ብቻ ብታሳይሽ አትናደጅባት፣ ልማዷ ነው። ቅጠሏ ላይ ነጭ የተጠማዘዘ መስመር ካየሽ የትል ሥራ ነው፤ ቅጠሉን ቆርጠሽ ጣይው፣ ሌላ ታወጣለች።

ከሱቅ ሌላ ዓይነት ልጨምር ወይ ብለሽ አባትሽን ጠይቀሻል። ፎቶው ላይ ሁሉም ያምራሉ፤ ረጅም ጭራ ያላቸው አሉ፣ እንደ ቀሚስ የተደራረቡ አሉ፣ ድንክዬዎችም አሉ። እኔን ከሰማሽ ነጯን ብቻ ትከይ። ሌላ ካጎራበትሽባት ያው እንደኛ ግቢ መሆኑ ነው። ድብልቅ የምትወጂ ከሆነ ደግሞ ደስ እንዳለሽ ግዢ፤ ያኔ ምን እንደሚወጣ አንቺም አታውቂም፣ እሱም የራሱ ደስታ አለው።

እና ደግሞ፣ የቻልኩትን ባደርግም ንብ ንብ ነው። ችግኙ ብቅ ሲል ግንዱን እዪው። የነጯ ግንድ ጥርት ያለ አረንጓዴ ነው። ሐምራዊ ነገር ጣል ያደረገበት ካገኘሽ እሱ ከኔዋ የመጣ ነው። ያለ ይሉኝታ ንቀይው፤ በለጋነቱ ሥሩም አያስቸግርሽም።

ቀይ ክር ያሰርኩባቸውን ፍሬዎች ልጥላቸው ስል አባትሽ ከእጄ ቀሙኝ። «እነዚህ የኔ ናቸው፣ እኔ አሳድጋቸዋለሁ» ብለው ከበሩ አጠገብ ራሳቸው ዘሯቸው። አፈር አልብሰዋቸው ነበር፤ ጀርባቸውን ሲያዞሩ ገለጥኩላቸው። ቢበቅሉ የሚያብቡት ከከርሞ ወዲያ ነው፣ ሮዝ እንደሚሆኑም ሦስታችንም እናውቃለን። ያኔ መጥተሽ ብትነቅያቸው አልቀየምሽም። ብትተያቸው ግን በጣም ደስ ይለኛል። ምሳ ሠርቼ እጠብቅሻለሁ፣ እስከ ቡናው ድረስ ተቀመጪልኝ።

አዲሱ ቤትሽ ሳቅ አይጉደልበት፤ የዘራሽው ይብቀልልሽ፣ የተከልሽው ይጽደቅልሽ።

አባትሽ ከኋላዬ ቆመው «እናትሽ ብለሽ ፈርሚ» ይሉኛል። እናትሽማ እናትሽ ናቸው፣ ነጯን የተከሉት። ለኔ አንቺው ያወጣሽልኝ ስም አለኝ፤ ይቀየር ከተባለም የምትቀይሪው አንቺ ነሽ።

አክባሪሽ፣
ሴትዮዋ