ዘሃራ ያነበበችው ገጽ

ሰኞ፣ ኅዳር 3 ቀን 2005

ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። የእኔ እጅ ብቻ አላጨበጨበም።

ዘሃራ ሰይድ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬ፣ ከኢንተርኔት አጥንታ የመጣችውን እያቀረበች ነበር። ያዘዝኩት እኔው ነኝ፤ አንድ በሽታ ምረጡና ፈልጉ ብዬ። እሷ የስኳር በሽታን መረጠች፣ አባቷ ስላለባቸው። እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው፣ ድምጿም ደፋር። አብሽ በባዶ ሆድ የጠጣ ሰው ስኳሩ ይለቀዋል፣ የሚገድለው መርፌው ነው ብላ አነበበች። በመጨረሻም ፈገግ ብላ፣ "ይህን አንብቤለት አባቴም መርፌውን ከተወ ሳምንቱ ነው" አለች።

ከክፍል ስትወጣ ያዝኳት። ውሸት ነው አልኳት።

"ቲቸር፣ አንብበውታል?"

አላነበብኩትም።

"ታዲያ በምን አወቁ? ከኢንተርኔት ፈልጉ ያሉን እርስዎ አይደሉ?"

መፈለግን አስተማርኳቸው እንጂ ያገኙትን መመዘን መች አስተማርኳቸው!

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

መብራት ጠፍቶ አረፈደ። ከዘሃራ ጋር ኢንተርኔት ቤቱ በር ላይ ተገትረን ቆየን። ሙቀቱ! ኅዳር ገብቷል ይባላል፣ ከተማችን ሮቢት ግን ወሬውን አልሰማችም። ከሰዓት በኋላ መብራቱ መጣ፤ ኔትወርኩ እየተጎተተ።

ገጹ ተከፈተ። ነጭ ጋውን የለበሰ፣ ጥርሱ የሚያበራ ሰውዬ። "ዶክተር" ይላል። የአባት ስም የለውም፣ የሚሠራበት ሆስፒታል የለውም። መቼ እንደተጻፈም አይታወቅም።

"እስቲ ወደ ታች ውረጂ።"

ለአባቷ ያነበበች ቀን እስከ ታች አልወረደችም ነበር። ታች የአብሽ ዱቄት በጠርሙስ ተደርድሯል፣ ዛሬውኑ ይዘዙ የሚል ቀይ ጽሑፍ ከሥሩ።

ዘሃራ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። "ነጋዴ ነው እንዴ?"

"ማር ሻጭ ማሬ ስኳር አለበት ብሎሽ ያውቃል?"

ሌላ ፈለግን። የአንድ የሕክምና ትምህርት ቤት ገጽ በግማሽ ተከፈተ። እሱም በቃን። መርፌ የታዘዘለት ሰው በራሱ ካቆመ ሊሞት ይችላል ይላል። የጻፈው ሰው ስም አለ፣ ቀን አለ፣ የሚሸጥ ነገር የለም። ሌላ ገጽ ከፈትን፣ ያንኑ አለ።

ዘሃራ ቦርሳዋን እንኳ ሳታነሳ ሮጠች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ዘሃራ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ክፍለ ጊዜዬን ለባልደረባዬ ሰጥቼ በባጃጅ ወደ ቤተሰቧ፣ ወደ ቀወት ወረዳ ገጠር ወጣሁ፤ ባጃጁ ከማይገባበት ደግሞ በማሽላው መሃል በእግሬ።

አባቷ ጋሽ ሰይድ ከዛፍ ጥላ ሥር ተጋድመዋል። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ውሃ ይጠጣሉ፣ አሁንም ይጠጣሉ። ትንፋሻቸው የኮመጠጠ ፍራፍሬ ይሸታል። ማሽላቸው ደርሶ ቆሟል፤ ወፍ እየበላው ነው። ሚስታቸው እትዬ ፋጡማ የመርፌውን መድኃኒት አልጣሉትም፤ እርጥብ አሸዋ በሞላ ገንቦ ውስጥ አኑረውታል፣ ሙቀቱ እንዳያበላሸው።

ዘሃራ ስታለቅስ ነው ያደረችው። "አባ፣ ተሳስቻለሁ አልኩህ እኮ! ሰውየው ነጋዴ ነው።"

እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ። "ቲቸር፣ ልጄን ለምን ታስፈራሪያታለሽ? እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ልጄ ግን የፈረንጁን ጽሑፍ ታነባለች፣ አገሩ ይመሰክራል። እሷን ካላመንኩ ማንን ልመን?"

"ተሳስቻለሁ ያለችዎ እራሷ ናት እኮ፣ ጋሽ ሰይድ።"

"አንቺን ፈርታ ነው። ነገ እናያለን፣ ኢንሻአላህ።"

ለመንኩ። ጎረቤትም ለመነ። እምቢ።

ስመለስ መንገድ ላይ ነው የገባኝ። ሰውየው ያመኑት አብሹን አይደለም፣ ልጃቸውን ነው። ይህን እንዴት አድርጌ ላፍርሰው?

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

በቃሬዛ አመጧቸው። ጠዋት ራሳቸውን ስተው ተገኙ። ጎረቤቶች እስከ አስፋልቱ ተሸከሟቸው፣ ከዚያ በባጃጅ ሆስፒታል። ሰምቼ በሩጫ ደረስኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ተቆጥቷል።

"መርፌ ያቁሙ ያላቸው ማነው?"

"እኔ ነኝ" አለች ዘሃራ።

አጠገቧ ቆሜ ነበር። የላክኳት እኔ ነኝ አላልኩም።

ከሰዓት ክፍል ገባሁ። ምን ላድርግ፣ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝ። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦ ማን ጻፈው? መቼ? ምን ይሸጣል? ከእሱ ሌላ ማን ይለዋል? ተማሪዎቹ የዘሃራን ባዶ ቦታ ያያሉ። ከኋላ የሚቀመጠው አብዱ እጁን አወጣ።

"ቲቸር፣ የቴሌቪዥኑን ዜናስ እንዲህ ብለን እንጠይቀው?"

የምንለውን ወደ ላይ የሚያደርሰው የአንድ ለአምስት ቡድኑ መሪ አንገቱን አዙሮ እኔን ማየት ጀመረ።

"አሁን የምናወራው ስለ በሽታ ነው" አልኩ።

ፈሪ ነኝ። ዛሬ ሁለት ጊዜ።

እመቤቴ ሆይ፣ እኚህን ሰው አትርፊልኝ። ሌላ አልለምንሽም።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

ዓይናቸውን ገልጠዋል!

ሐኪሙ ግን "ገና ነው፣ ኩላሊታቸው ያሰጋኛል" አለ። ኮሪደሩ ላይ አስቆምኩትና፣ ልጅቷን ከኢንተርኔት ፈልጊ ብዬ የላክኳት እኔ ነኝ አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፣ ራሱን ነቅንቆ ሥራውን ቀጠለ። ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም።

ዘሃራ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። "ትምህርት በቃኝ፣ ቲቸር። ከእንግዲህ ምንም አላነብም።" ከሁሉ ይኼ አንገበገበኝ።

ጋሽ ሰይድ በቀጭን ድምፅ ጠሯት። ከመድኃኒቱ ካርቶን የወጣውን ወረቀት ዘረጉላት።

"አንብቢልኝ።"

"አላነብልህም፣ አባ።"

"ታዲያ ማን ያንብብልኝ?"

ወረቀቱን ይበልጥ ወደ እሷ ገፉት። ተቀበለቻቸው። ጀመረች፣ ቀስ እያለች፣ መስመር በመስመር ወደ አማርኛ እየመለሰች። መሃል ላይ ቆመች።

"ይቺን ቃል እርግጠኛ አይደለሁም" አለች። ወረቀቱን ይዛ ሐኪሙን ልትጠይቅ ወጣች።

ጋሽ ሰይድ በሩን በሩን እያዩ፣ "ትመለሳለች" አሉኝ።

እኔ የማስበው ግን ስለ መጪው ሰኞ ነበር፤ ወደ ክፍልስ ትመለስ ይሆን?