ባቄላ ልጠው አረጋውያንን ያጠገቡት ባሲሊ ታድሮስ

ሰፈሩ ሁሉ «አሞ»፣ አጎቴ፣ እያለ የሚጠራቸው ባሲሊ ታድሮስ ከአባታቸው ከታድሮስ ሐና እና ከእናታቸው ከበልሲም ያዕቆብ በላይኛው ግብፅ፣ በመለዊ ከተማ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1941 ተወለዱ። እዚያው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው፣ አባታቸው ሲያርፉ ወደ ካይሮ መጡና ሹብራ በሚባለው ሰፈር ከአንድ ፉል ቤት ተቀጠሩ። በ1968 ወይዘሮ ማርሴልን አግብተው ኢሪኒንና ራፋትን ወለዱ።

ከ1975 ጀምሮ ለሠላሳ አንድ ዓመት በቤተ ክርስቲያን የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ሠሩ። ሥጋና እንቁላል በማይቀመስበት ጾም የአረጋውያኑ ጉልበት ባቄላ ነበር፤ እሱ ደግሞ ሆዳቸውን ይነፋቸዋል። አሞ ባሲሊ ባቄላውን ውሃ እየለወጡ ሁለት ቀን ይዘፈዝፉታል፤ እስኪጎነቁል ያቆዩታል፤ አንድ በአንድ ይልጡታል። ከዚያ በዝግታ ቀቅለው፣ ፍሬውን ከነመረቁ አልመው፣ ከሙን ነስንሰው ያቀርቡታል። ወይዘሮ ፌቭሮኒያ የተባሉ ጥርስ የሌላቸው እናት «አንተ ባሲሊ፣ ባሌ እንኳ ለሆዴ እንዲህ ተጨንቆ አያውቅም! ዘግይተህ ተወለድክ እንጂ አንተን ነበር ማግባት» ይሏቸው ነበር።

ባለቤታቸው በ2012 ሲያርፉ ከኢሪኒ ቤት ገቡ። በ2017 አንድ ቀን የባቄላ ልጣጭ ጉሮሯቸው ላይ ተሰንቅሮ አስጨነቃቸው። ሁልጊዜ ክፉ ክፉው የሚታያት ኢሪኒ ከዚያ ወዲህ የባቄላ ፍሬም ሆነ ሌላ የሚታኘክ ነገር አላቀመሰቻቸውም። የጉንቁል ብርታቱ ውሃው ውስጥ ነው ሲባል ሰምታ ስላደገች፣ መረቁን አጥልላ ለአባቷ፣ ፍሬውን ጣሪያ ላይ ላሉት ዶሮዎች ሰጠች።

«ልጄ፣ ዶሮዎችሽ እኮ ከእኔ ወፈሩ» አሏት እየሳቁ።

«ቢያንቅዎትስ፣ አባባ?»

«አምጪው እስቲ፣ አብረን እንላጠው። ስንቱን ሽማግሌ ያበላሁ ሰውዬ!»

«እጅዎ ይንቀጠቀጣል። ሌላ ቀን።»

እንዳትጨነቅባቸው ብለው አልተከራከሯትም፤ የቀረበላቸውን ጠጡ። ሌላ ቀን የተባለው ሁለት ዓመት ሆነ። ልብሳቸው ሰፋ፤ ደረጃ መውጣት አቃታቸው። በ2019 ዐቢይ ጾም መታጠቢያ ቤት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሐኪሙ መርምሮ «ጡንቻቸው አልቋል። ውሃ ብቻ ጉልበት አይሆንም፤ ባቄላውን ራሱን ልጣችሁ፣ አልማችሁ ስጧቸው» ሲል፣ ኢሪኒ የአባቷን ሙያ ከባዕድ አፍ ሰማች።

ዘፈዘፈች፤ አጎነቆለች፤ ልጣ አልማ ሆስፒታል ወሰደች። ሦስት ማንኪያ በሉና «ከሙን ረሳሽ» አሏት። አራተኛውን መዋጥ አልቻሉም። ኤፕሪል 17 ቀን 2019 በሰባ ስምንት ዓመታቸው አረፉ።

ሁለት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች ትተዋል። ቤቱ አዛውንት ያለው ሁሉ፣ ፍርሃት ይዞት ፍሬውን እንዳይከለክላቸው ልጃቸው ትለምናለች። ለደካማ ሆድ የራሩትን አባታችንን እግዚአብሔር ረሃብ በሌለበት ማዕዱ ያስቀምጥልን፤ ለቀረነውም ይቅርታውን አይንፈገን። አሜን።