ሳይሞት የተለቀሰለት

ማክሰኞ

ወሰዱት። ከራስ እስከ እግራቸው በነጭ የተሸፈኑ ሰዎች መጥተው ባሌን፣ ፈንታን፣ ወሰዱት። አምቡላንሱ ውስጥ በራሱ እግር ነው የገባው። እሱ በትኩሳት እየነደደ «በሩን ዝጊ፣ ብርድ ይገባብሻል» ይለኛል። የግቢው ሰው ሁሉ በየመስኮቱ ነበር። አንድም ሰው «እግዜር ይማርህ» አላለውም።

ፈንታ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከመተማ በተመለሰ ማግስት ማሳል ጀመረ። ኮሮና ነው አሉ። ከእኔም አፍንጫ ናሙና ወስደው ከቤት እንዳልወጣ አዘዙኝ።

ከዳባት ወዲያ ገጠር ላለችው እህቱ ለእናኑ ደወልኩ። «ፈንታን ትንሽ አሞት ሆስፒታል ገብቷል። እናንተ ግን አትምጡ» አልኳት። ለመጠንከር ሞክሬ ነበር፤ እንባዬ ቀደመኝ። ከዚያ ኔትወርኩ ተቆረጠ።

ረቡዕ

አከራያችን እማማ ዘውዴ የግቢውን ቧንቧ በገመድ አጠሩት። «ለሁላችንም ብዬ ነው» አሉኝ ከሩቅ። ውኃ በጄሪካን የበሩ ደፍ ላይ አስቀምጠው ይሸሻሉ። ልናገራቸው አሰብኩ። ግን ምን አፍ አለኝ? እኔ ራሴ ፈንታ የተኛበትን ትራስ ጠዋት በዱላ አንጠልጥዬ ነው ያወጣሁት።

ልብስ ሰፊ ነኝ። የፒያሳን ሰው ግማሹን ማስክ ያለበስኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ያዘዙኝ ሁሉ እየደወሉ «ተይው፣ ሌላ ቦታ አግኝተናል» ይሉኛል።

የምፈራው፦ እንዳይሞት። ብቻውን እንዳይሞት። ሳልገንዘው፣ በላስቲክ ጠቅልለው እንዳይቀብሩት። እኔም እንዳልሞት። የመጨረሻውን ስጽፍ አፈርኩ፤ ግን እውነት ነው።

ከሰዓት ደወለልኝ። «ምግቡ ሸጋ ነው» አለ። ፈንታ ሲዋሽ ያስታውቃል።

ሐሙስ

የእኔ ውጤት መጣ። የለብኝም፤ ቢሆንም ለጊዜው ከቤት አትውጪ ብለውኛል። ለእማማ ዘውዴ በራፌ ላይ ሆኜ ነገርኳቸው። «እሰየው» አሉና ሄደው ገመዱን አጠበቁት። ብቻዬን ሳቅሁ።

ዓርብ

የዛሬውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

በሩ ተንኳኳ። የፈንታ አባት አያ ተሰማ ቆመዋል። ራሳቸውን ተላጭተዋል፣ ጋቢያቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀዋል። አውቶቡስ ስለሌለ ግማሹን መንገድ በእግር፣ ግማሹን በአይሱዙ ጀርባ ነው የመጡት። ለሰላምታ እንዳጎነበስኩ «እግዜር ያጥናሽ ልጄ» አሉኝ።

ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። ሐኪሞቹ ከእኔ ደብቀው ለአባቱ የነገሩ መሰለኝ። መሬት ላይ ሆኜ «መቼ ሞተ?» እላለሁ። እሳቸው ግራ ገብቷቸው «ምነው እኔን ትጠይቂኛለሽ? ማክሰኞ አንች አይደለሽ የነገርሽን?» ይሉኛል።

ያን ጊዜ ገባኝ። እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። ለሩቅ ዘመድ «ትንሽ አሞታል» ነው የሚባለው፤ መርዶውን ሰው ሄዶ በጠዋት ያረዳል። እኔ እውነቱን ተናገርኩ፤ እነሱ እንደ ደንቡ ሰሙት። እያለቀስኩ ደግሞ። «አትምጡ» ማለቴ ይባስ ብሎ አረጋገጠላቸው፤ በዚህ በሽታ የሞተ ሰው አስከሬን ለዘመድ አይሰጥም ሲባል ሰምተዋል። ፎቶውን ከጋቢው ጋር አደባባይ አውጥተው፣ ሙሾ አውርደው፣ ደረት ደቅተው አልቅሰውለታል። እናኑ ፀጉሯን ተላጭታለች።

ለፈንታ ደወልኩ። አነሳ። ስልኩን አያ ተሰማ ጆሮ ላይ አደረግሁት። ሳሉ ለእኔም ይሰማኝ ነበር፤ ከሳሉ ኋላ «ሄሎ» አለ። ሽማግሌው አልጮኹም። ስልኩን አውርደው አዩት፣ መልሰው ጆሯቸው ላይ አደረጉት።

«አልቅሼልህ መጣሁ እኮ፣ ልጄ» አሉት ቀስ ብለው።

ከዚያ ስልኩን እንደ መስቀል ግንባራቸውን አስነክተው ተሳለሙት። እንዲህ ያለ ፊት በዕድሜዬ አላየሁም። ሙት ሲነሳ ቆሜ ያየሁ ያህል ሰውነቴን ወረረኝ፤ አሁንም አልለቀቀኝም።

ቅዳሜ

አያ ተሰማ አገራቸው ደውለው «ልጄ በሕይወት አለ» ቢሉ የሚያምናቸው ጠፋ። እናኑ ለእኔ «ሐዘን አእምሮውን አናወጠው፣ እባክሽ አጽናኝልኝ» አለችኝ። እኔም ብናገር አላመነችም፤ ሞቱን ደብቃ አንዴ ዋሽታኛለች ብላ ሳታስብ አልቀረችም። ራሱ ይናገራት ብለን ስንደውል የፈንታ ስልክ አይነሳም።

ከሰዓት አንዲት ነርስ ደወለች። ኦክስጅን ላይ ነው።

ሰው ሁለት ጊዜ መርዶ ይረዳል? እንዲህ ብዬ አሰብኩና አፌን በእጄ ያዝኩ።

እሑድ

አያ ተሰማ እኔ በጠጣሁበት ኩባያ ውኃ ጠጡ። እማማ ዘውዴ ማዶ ሆነው አዩ፤ ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። አያ የሰፋሁላቸውን ማስክ ጺማቸው ላይ አንጠልጥለውታል፣ ወደ ላይ ከፍ ያድርጉት ብላቸው «ለጺሙም ይበርደዋል» ይሉኛል።

«አያ፣ አይፈሩም?» አልኳቸው።

«ምን ልፍራ? የምፈራውን አልቅሼ ጨረስኩት። አሁን ያለው ምራቂ ነው፣ የተጨመረልኝ።»

«ቢሞትስ?»

«ያን ጊዜ እንደገና አለቅሳለሁ። ዛሬ ግን አልሞተም።»

ይህን ብለው በዝናብ ጃንጥላቸውን ይዘው ሄዱ። ፈንታ ካለበት ሆስፒታል አጥር ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ዘበኛው ቢያባርራቸው ድንጋይ ለውጠው ይቀመጣሉ። እኔ ከነነፍሴ ቤት ውስጥ ተቆልፌ በፍርሃት ስሞት፣ እሳቸው ልጃቸውን ቀብረው የመጡ ሰው እንዲህ ቀለል ብሏቸዋል። ቀናሁባቸው።

ሰኞ

ነርሷ ደወለች። ኦክስጅኑን መቀነስ ጀምረዋል። ሾርባ ጠጥቷል። ይኸው ነው። ከዚህ በላይ ለመጻፍ እፈራለሁ።

ሐሙስ፣ በሳምንቱ

መጣ።

አምቡላንሱ በር ላይ አወረደው። መንምኗል፤ ሱሪው እንዳይወልቅ በእጁ ይዞ ነው የሚራመደው። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቷል፣ የቀረበው ግን የለም። እማማ ዘውዴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነዋል።

እኔስ? ይህን ሁሉ ቀን ተንበርክኬ የለመንኩለት ሰው ፊቴ ቆሞ እግሬ አልነቃነቅ አለ። ነፃ ነው ብለውታል፤ ወረቀት ሰጥተውታል። ትንፋሹን ፈራሁት። እሱም ገብቶታል መሰለኝ ካለበት አልቀረበኝም።

አያ ተሰማ በአጠገቤ አልፈው ሄዱ። አንገቱን አቅፈው ይህንን ጉንጩን፣ ያንን ጉንጩን፣ እንደገና ይህንን ሳሙት።

ፈንታ ቁጭ ሳይል ለእናኑ ደወለ።

«እኔ ነኝ» አላት።

«የማን ድምፅ ነው?»

«የወንድምሽ ነዋ። ምነው ፀጉርሽን ተላጨሽው?»

ከዚያ እልል አለች፤ እልልታው መሃል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ። ፈንታም ስልኩን ይዞ አብሯት አለቀሰ።

እማማ ዘውዴ በፔርሙስ አጥሚት አምጥተው ደፉ ላይ አስቀመጡና በሩጫ ተመለሱ። ይህም ያባት ነው፤ ፈንታ ጠጣውና ተኛ። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ከእሱ ሸሽቼ ተቀመጥኩ። በእንቅልፍ ልቡ እጄን ፈለገ። ሰጠሁት።

አሁንም እፈራለሁ፤ አልዋሽም። ፊደሌ እንዲህ የተንጋደደው በግራ እጄ ስለምጽፍ ነው። ቀኙን ይዞት ተኝቷል።